በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ፍርድ

ረቡዕ ጠዋት የፊርማ ቀን ነው። ጸሐፊያቸው ወረቀቱን በየተራ እየገለጠች፣ ጣቷን ከታች ባለው መስመር ላይ አሳርፋ፣ "እዚህ ጋ፣ ክቡር ፕሬዚዳንት" ትላለች፤ እሳቸው ይፈርማሉ። የአምባሳደር ሹመት። የጄኔራል ማዕረግ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ። አምባሳደሩን የመረጠው ሌላ፣ ጄኔራሉን ያጨው ሌላ፣ ሕጉን ያረቀቀው ሌላ፤ የእሳቸው ድርሻ ስም ማስፈር ነው። ገና አዲስ ሳሉ፣ የዋህ ነበሩና፣ የሕግ አማካሪያቸውን "እንደው ይህን ሕግ አልፈርምም ብልስ?" ብለው ጠየቁት። አማካሪው ሳቁ እንዳያመልጠው ጉሮሮውን ጠረገና፣ "በአሥራ አምስት ቀን ካልፈረሙ ያለ ፊርማዎ ሥራ ላይ ይውላል" አላቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ፕሬዚዳንቱ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ፈረሙ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ከመሾማቸው በፊት አርባ ዓመት ሙሉ ሒሳብ አስተምረዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ ተማሪያቸው ነበር፤ ዛሬም አጠገባቸው ሰው ከሌለ "ቲቸር" ነው የሚላቸው። ነገሩ የጀመረው እሱ አንድ ቀን ቤታቸው መጥቶ፣ ሻይ ተቀብሎ፣ "ቲቸር፣ አገር ጠላት የሌለው ሰው ይፈልጋል" ባላቸው ጊዜ ነው። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆና ሰምታ፣ "ጠላት የሌለውን ሰው ምን ሊያሠሩት ነው?" ብላ ጠየቀች። እንግዳው እንደወጣም ባሏን አስማለቻቸው፤ ስድስት ዓመት፣ ከዚያ በላይ አንዲት ቀን አትጨመርም። እሳቸውም ማሉ።

ባለቤታቸውን ሰፈሩ ሁሉ "አዋላጇ" ነው የሚላት፤ እኔም እንደዚያው እላታለሁ። እሷን እሷ፣ እሳቸውን እሳቸው ማለቴን አትታዘቡኝ። እሷ አንቱ ሲሏት ትቆጣለች፤ እሳቸው ደግሞ ከክብር በቀር በእጃቸው የቀረ ነገር ስለሌለ ያቺንም ልነፍጋቸው አልፈልግም።

ቤተ መንግሥቱ ሰማንያ ሁለት ክፍል አለው፤ የሚከፈት መስኮት ግን አንድም የለውም። መስታወቱ ጥይት አይበሳውም፣ ነፋስም አያልፈውም። ወጥተው ጋዜጣ መግዛት ቢያምራቸው አሥራ አንድ መኪና ይነሣል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ጋዜጣ ሻጩም ለደኅንነት ሲባል ከቦታው ይነሣል። ድልድይ ሊመርቁ ሲሄዱ መቀሱ በትራስ ላይ ተቀምጦ ይመጣል፤ ሪባኑን ቆርጠው ሳይጨርሱ ከእጃቸው ይወሰዳል። አዋላጇ ይህን ኑሮ ሁለት ዓመት ቻለችው። የከተማውን እኩሌታ ሕዝብ በእጇ የተቀበለች ሴት፣ አንድ ጠዋት እንቁላል ልትቀቅል ወጥ ቤት ብትገባ ዋናው ምግብ አብሳይ እጅ ነሥቶ፣ "ክብርት እመቤት፣ እዚህ መግባት አይፈቀድም" አላት።

"እንቁላል ልቀቅል ነው እኮ!"

"እኛ እንቀቅላለን፣ ክብርት እመቤት።"

በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ድሮዋ ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በስልክ ነው፤ በመካከላቸው የስልክ ኦፕሬተሩ ይተነፍሳል። "ኪኒንህን ዋጥክ?" ትላቸዋለች። የደም ግፊት አለባቸው፣ ይረሳሉ። "ውጫለሁ" ይላሉ። "ውሸትህን ነው!" ትላለች፤ ውሸታቸውንም ነው።

በተሾሙ በሁለተኛው ወር አንድ ቢጫ ፋይል መጣ። በሕጉ መሠረት የሞት ፍርድ ፕሬዚዳንቱ ሳያጸድቀው አይፈጸምም። ጸሐፊዋ እንደ ልማዷ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ጣቷን አሳረፈች። "ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብበው" አሉ። ጸሐፊዋ ግራ ገባት፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሦስቱ ፕሬዚዳንቶች አንብበው አያውቁም።

የተፈረደበት አናጺ ነው። ከአንድ እንጨት ነጋዴ ጋር በሰው ፊት ተጣልቶ ነበር፤ በሳምንቱ ነጋዴው ግቢው ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። አናጺው ሲያዝ ጣቱ ተቆርጦ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር፤ ይኼ የትግል ምልክት ነው ተባለ። ገጽ አሥራ አራት ላይ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጣቱን ያሰረችለት እሷ መሆኗን መስክራለች፤ መዝገቧም ተያይዟል፣ ቀኑ የግድያው ዕለት፣ ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት። ገጽ አርባ አንድ ላይ አንድ ጎረቤት፣ አናጺው ከነጋዴው ግቢ ሲወጣ አየሁት ይላል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ከጤና ጣቢያው እስከ ግቢው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህን ፖሊስ ራሱ በሣለው ንድፍ ላይ ጽፎታል። መንገዱ ላይ ያለው ድልድይ በዚያ ሰሞን ፈርሶ ስለነበር መኪና አያልፍም። ዳኞቹ ጣቱን አዩ እንጂ ሰዓቱን ያየ የለም። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃም አላየም፤ የዚያን ዕለት ሰባት ጉዳይ ነበረው።

አርባ ዓመት ፈተና ያረመ እጅ ምን ያድርግ? ፕሬዚዳንቱ ከደረት ኪሳቸው የማትለየውን ቀይ እስክሪብቶ አወጡ፤ ገጽ አርባ አንድ ላይ ሰዓቱን አከበቡና ዳር ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "9 ኪ.ሜ. በ15 ደቂቃ = በሰዓት 36 ኪ.ሜ.። በእግሩ?? እንደገና ይሠራ!" ከሥሩም ሁለቴ አሰመሩበት። ፋይሉን ዘግተው መለሱት፤ ሥራዬን ሠራሁ ብለውም ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ወይ የዋህነት! ፍትሕ ሚኒስቴር ታመሰ። የፍርድ ቤት ውሳኔ እንደ ተማሪ ደብተር ታርሞ ሲመጣ አይተውም ሰምተውም አያውቁም። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፤ "የመንግሥት ሰነድ ስለተበላሸ ንጹሕ ቅጂ የላክን ሲሆን፣ ወደፊት ከፊርማ በቀር ምንም ነገር እንዳይሰፍርበት በታላቅ ትሕትና እናሳስባለን" ይላል። አማካሪው ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ፍርድ ማረም አይችሉም።"

"ያረምኩት ሒሳቡን ነው እኮ።"

"የመጨረሻው ፍርድ ቤት ዘግቶታል። ከእንግዲህ የሰዓትና የኪሎ ሜትር ነገር አይነሣም።"

"እንግዲያው ይቅርታ ላድርግለት።"

"ይቅርታ የሚያደርጉት ቦርዱ ሲያቀርብልዎ ነው። ቦርዱ የሚያቀርበው ደግሞ ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተውን ነው።"

"ጥፋት ከሌለበትስ?"

"ከሌለበትማ በምን ይጸጸታል?" አለ አማካሪው፤ እሱም የተናገረው ነገር ለራሱ አልጣመውም።

"ታዲያ እኔ ምን እችላለሁ?"

"መፈረም።"

"ባልፈርምስ? አሥራ አምስት ቀን ነው?"

አማካሪው የሕጉን መጽሐፍ ገለጠ። ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ተመለሰ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ለዚህኛው ቀን አልተቀመጠለትም" አለ በመጨረሻ።

አያችሁልኝ? መንግሥት አሸክሟቸው ከሄደው ማዕረግ ሁሉ የእሳቸው የሆነው አንድ ሥልጣን ይኸው ነው፤ አለመፈረም። አናጺውን ማስፈታት አይችሉም፣ ማቆየት ግን ይችላሉ። ንጹሑን ቅጂ መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት። በጽሕፈት ቤቱ ደንብ ፕሬዚዳንቱ እጅ የገባ ፋይል ያለ ፈቃዳቸው አይነሣም። ፍትሕ ሚኒስቴር በየዓመቱ "ምን ደረሰ?" ብሎ ይጽፋል፤ እሳቸውም በየዓመቱ "በመታየት ላይ ነው" ብለው ይመልሳሉ። ዝም አይነቅዝም።

በየወሩ የመጀመሪያው ዓርብ የአቤቱታ ቀን ነው። አሥር ሰው ይገባል፣ ለአንዱ አምስት ደቂቃ፤ ፕሬዚዳንቱ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ማመልከቻው ላይ "ለሚመለከተው ክፍል ይመራ" የሚል ማኅተም ይመታበታል። የአናጺው እህት ልብስ ሰፊ ናት። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻለችም ነበር። ፕሬዚዳንቱም በእሷ በኩል ለወንድሟ መልእክት ሰደዱ፤ "አጥፍቻለሁ ብሎ ለቦርዱ ይጻፍ፣ የቀረውን ለእኔ ይተው" ብለው። በወሩ መልሱን ይዛ መጣች።

"'ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ ከወጣሁ የወጣው እኔ አይደለሁም' ይላል፣ ጋሼ። ውይ፣ ይቅርታ፣ ክቡር ፕሬዚዳንት!"

"ጋሼ ይሻለኛል" አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? አርባ ዓመት ሙሉ "ያልሠራኸውን መልስ አትገልብጥ" እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ምንም ለምና አታውቅም። አምስት ደቂቃዋን ቁጭ ብላ ፊታቸውን ነው የምታየው። "ይበላሉ ጋሼ? እንቅልፍስ እንዴት ነው? ባለፈው ያስልዎት ነበር።" አንድ ጊዜ ለሳሉ ብላ ማር አመጣችላቸው፤ ጥበቃዎቹ ለምርመራ ብለው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ምን ታድርግ! እሳቸው ባስነጠሱ ቁጥር የምትሰጋው ለወንድሟ ነው። ስለ እሱ ካልጠየቋት አታነሣም። "ጎህ ሲቀድ በኮሪደሩ ኮቴ ከሰማ ተነሥቶ ጫማውን ያስራል" አለቻቸው አንድ ዓርብ። "ኮቴው ካለፈ መልሶ ይፈታዋል።" ፕሬዚዳንቱ ያን ቀን ምሳ አልቀመሱም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስተኛው ዓመት መጣ። አርባ ቀን ሲቀራቸው መጻሕፍታቸውን በካርቶን ማሰናዳት ጀመሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሌላ ስድስት ዓመት እንዲቆዩ ሁለቴ ለምኗቸው ሁለቴ እምቢ ብለዋል። ደስታቸው ለጠባቂዎቹ ሁሉ ተጋባ፤ ፕሬዚዳንቱ ኮሪደር ላይ ሲያፏጩ ተሰሙ። በእሳቸው ምትክ የታጨው ጡረታ የወጣ ዳኛ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን ቀረበ፤ ጋዜጠኛዋ "ምን ዓይነት ፕሬዚዳንት ይሆናሉ?" አለችው። "እኔ ጠረጴዛ ላይ ፋይል አያድርም" አለ።

ፕሬዚዳንቱ ካርቶኑን እንደታቀፉ ቆመው ቀሩ። ሲወጡ የመሳቢያው ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ ስድስት ዓመት ሙሉ አስበው አያውቁም ነበር! ለስንቱ ተማሪ "ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብብ" እንዳላሉ።

ዳኛውን በስልክ አስጠሩት። "አንድ ፋይል ይደርስዎታል፤ ገጽ አሥራ አራትንና ገጽ አርባ አንድን አብረው ቢያዩልኝ" አሉት።

"ክቡርነትዎ፣ ሦስት ፍርድ ቤት ያየውን እኔ አራተኛ ሆኜ አላይም። የፕሬዚዳንት ሥራ እሱ አይደለም" አለ ዳኛው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሕጉን ነው የተናገረው። ያናድዳል እንጂ!

በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ሄዱ። በሩ ተዘጋ፣ ሻይ መጣ።

"ለቦርዱ አንዲት ቃል በልልኝ" አሉት።

"ቲቸር፣ ዛሬ ለአናጺ ቃል ካልኩ ነገ ለጄኔራል በል እባላለሁ። የእኔም እጅ ታስሯል።"

"ያንተ ገመድ ግን ከእኔ ይረዝማል።"

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሻዩን ያማስል ጀመር። ስኳር አልጨመረበትም። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ ፕሬዚዳንቱም ይህን ልጅ ያውቁታል፣ ጥያቄ ሲከብደው ጥንትም እርሳስ ይቀርጽ ነበር።

"እንግዲያው እቆያለሁ" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"ስድስቱን ዓመት። እቆያለሁ።"

"ደክሞኛል አላሉኝም እንዴ?"

"በርትቻለሁ። ቤቱንም ለመድኩት።"

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ትክ ብሎ አያቸው። "ሲዋሹ ጆሮዎ ይቀላል፣ ቲቸር። ድሮም እንደዚሁ ነበር።"

"አንተን መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?"

"'ጎበዝ ነህ፣ ታልፋለህ' ብለውኝ አልነበር!"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዳኛው ሹመቱ መቅረቱን የሚነግር ደብዳቤ እንዲያዘጋጁለት አዘዘ። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ሲደገፍ ፊቱ ቀለል ብሎት ነበር፤ ሌላ ሰው ሸክሙን ካነሣለት ምን ቸገረው!

አሁን የቀረችው አዋላጇ ናት። እሷን በስልክ አይነግሯትም፣ ኦፕሬተር እየሰማ። አሥራ አንዱ መኪና ተነሣ፣ ጠባቧ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተዘጋች። በሩን ስትከፍት፣ "የጎረቤቴን መኪና ከቤቱ ደጅ አስነሣችሁት፣ አይ እናንተ ሰዎች!" አለች፤ ግን ፊቷ በርቷል። ጎትታ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባቻቸው። ግድግዳው አዲስ ተቀብቷል። መስኮቱ ሥር ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ተቀምጧል። ፕሬዚዳንቱ ሄደው መስኮቱን በገዛ እጃቸው ከፈቱት። ነፋስ ገባ፤ የሚጠበስ ሽንኩርት ሽታና የጎረቤት ሬዲዮ አብሮት ገባ። ስድስት ዓመት የናፈቃቸው ይኸው ነበር።

"ቀለሙ ደረቀ እኮ" አለች ከኋላቸው። "ሠላሳ ሰባት ቀን ነው የቀረው፤ ቆጥሬዋለሁ።"

"አልመጣም" አሉ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"ምን?"

"ሌላ ስድስት ዓመት ልቆይ ነው።"

አዋላጇ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ምለህልኛል።"

"ምዬልሻለሁ።"

"እኔ ስንት ዓመቴ ነው?"

"ስልሳ ስምንት።"

"ደምርበታ! አንተ አይደለህ የሒሳብ አስተማሪ፣ ደምርበት እንጂ!"

"ሰባ አራት" አሉ። እዚያው ቆመው ስለ መሳቢያው ነገሯት። የመንግሥት ምስጢር ነውና ለስድስት ዓመት ለሚስታቸው ያልነገሩትን፣ ጣቱን፣ ሰዓቱን፣ ዘጠኙን ኪሎ ሜትር፣ ኮቴ ሲሰማ የሚታሰረውን ጫማ። እሷ ሳታቋርጥ አዳመጠች።

"ወስነህ ነው የመጣኸው" አለች ሲጨርሱ። "ሳትጠይቀኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።"

"እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"እምቢ ነበራ የምልህ! ሰውየውን አይተኸው ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ለማታውቀው ሰው!"

"አንቺስ ሌሊት እየተነሣሽ ስታዋልጂ የማን ልጅ ነው ብለሽ ትጠይቂ ነበር?"

አዋላጇ ተነሥታ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ገፋችው፣ ጀርባዋንም ሰጠቻቸው። ሊይዟት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ "ሂድ" አለች። "ሂድ፣ መኪናዎችህ ይጠብቁሃል።" መኪና ውስጥ ሆነው ዞር ቢሉ መስኮቱን ስትዘጋው አዩዋት። ፕሬዚዳንቱ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ሾፌሩም እንዳላየ ሆነ።

የሹመቱ ዕለት ምክር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሌላ ሰው የጻፈላቸውን ንግግር አነበቡ፣ ሌላ ሰው ባዘዘው ቦታ ላይ ተጨበጨበላቸው። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ሲምሉ፣ ለዚህኛው መሐላ ሲሉ ያፈረሱት የፊተኛው መሐላ ትዝ አላቸው። ለባለቤታቸው የተዘጋጀው ወንበር ባዶውን ነበር። የፕሮቶኮል ሹሙ ባዶ መቀመጫ በቴሌቪዥን አያምርም ብሎ ከጽሕፈት ቤቱ አንዲት ሴት አስቀመጠበት።

ዓርብ ደረሰ፤ ልብስ ሰፊዋ ገባች። ገና ሳትቀመጥ ፊታቸውን አየች። "ከስተዋል፣ ጋሼ።"

"ደህና ነኝ። ወንድምሽ ሰማ?"

"ሰማ።" እንባዋንም ሳቋንም አንድ ላይ ትታገላለች። "'ስንት ጨመሩባቸው?' አለኝ። 'ስድስት ዓመት' አልኩት። 'ምስኪን! ይግባኝ የላቸውም?' አለኝ።"

ፕሬዚዳንቱ ሳቁ። ሳቃቸው አልቆም ብሎ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ማኅተም መቺው ደንግጦ ወደ በሩ አየ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያሉበትን ቦታ እንዲህ ለይቶ የነገራቸው ሰው አልነበረም። አምስቱ ደቂቃ አልቆ ልብስ ሰፊዋ ከወጣች በኋላ የቀረውን ሰው በቅጡ አላዳመጡትም።

እሑድ ረፋዱ ላይ ከበሩ ተደወለ። "አንዲት ሴትዮ ምሳ ዕቃ ይዘው መጥተዋል" አለ ዘቡ። "ባለቤታቸው ነኝ ይላሉ፤ ስማቸው ግን የዛሬ ጎብኚዎች ዝርዝር ላይ የለም።"

አዋላጇ ወደ ሰፊው ሳሎን ስትገባ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው።

"ሾርባዬን በማንኪያ አማሰሉት! እንቁላሌን ለሁለት ሰነጠቁት! 'ዝምድና' ብሎ ጠየቀኝ አንዱ፤ መዝገብ ላይ አስፈርሞ። እኔን! ሚስት ብዬ ጻፍኩለት።"

"እዚያም እንደዚሁ ነው የሚያደርጉት" አሉ ቀስ ብለው።

"የት?"

"አናጺው ዘንድ። እህቱ ናት የነገረችኝ። እሑድ እሑድ ነው የምትሄደው፤ ምሳ ዕቃዋን ከፍተው ያማስላሉ፣ ዝምድና ይጽፋሉ።"

አዋላጇ አጠገባቸው ተቀመጠች። ክዳኑን ከፍታ ማንኪያ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም እየበሉ "ይግባኝ የላቸውም?" ያለውን ነገሯት። እንደዚያ ስትስቅ ካዩዋት ስንት ዘመን! ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ የሸፈነችበትን ፎጣ ከምሳ ዕቃው ላይ አንሥታ ዓይኗን ያዘችበት። እሳቸው ማንኪያውን አስቀምጠው እጇን ያዙ።

"ተቀይሜሃለሁ" አለች በኋላ። "እንዳትሳሳት፣ አልለቀቀኝም። እዚህም ገብቼ አልኖርም።"

"አውቃለሁ።"

"እሑድ እሑድ እመጣለሁ።"

የፕሮቶኮል ሹሙ በሩን ቆርቆር አድርጎ አንገቱን አስገባ። "ክቡር ፕሬዚዳንት፣ አዲሱ አምባሳደር ደርሰዋል። ሰዓቱ አልቋል።"

አዋላጇ ተነሣች። ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣች፣ አንድ ኪኒን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች፣ ውኃም ቀዳችላቸው።

"ዋጥ" አለች።

"ኋላ እወስደዋለሁ፤ ሰውየው ቆሞ..."

"ይቁም! እኔ ፊት ዋጥ። ያ አናጺ ልጅ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው ብለኸኛል። ከዛሬ ጀምሮ የምትውጠው ለሁለት ሰው ነው፤ ውሸት የለም።"

ፕሬዚዳንቱ ዋጡት። እሷ አላመነቻቸውም፤ አፋቸውን አስከፍታ ከምላሳቸው ሥር ሳይቀር አየች። ከዚያ ምሳ ዕቃዋን ገጥማ፣ በሩ ላይ የመውጫ ሰዓቷን አስመዝግባ ሄደች።